ሐዲዱ ለምን ዞረ

ታላቁ የከብት በሽታ ካለፈ በሰባተኛው ዓመት፣ የዝናቡ ወራት ሊገባ ሦስት ወር ሲቀረው፣ የአውራጃው መንግሥት ዐዋጅ በደጋዋ ከተማ ገበያ መካከል ተነበበ። ከተማዋ በተራራው ትከሻ ላይ የተቀመጠች ነበረች፤ ከበስተኋላዋ ገደል፣ ከፊቷ ቁልቁለት፣ ከቁልቁለቱም ሥር ሰማዩ በጠራ ቀን ብቻ እንደ ክር ቀጥኖ የሚታይ ወንዝ ነበር። ከወንዙ ማዶ ባለችው የቆላ ከተማ ትልቁ የባቡር መንገድ ካለፈ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ነገር ግን የባቡሩ ኩባንያ ሹማምንት ተራራውን አንድ ጊዜ ቀና ብለው ካዩት በኋላ «ይህ ለፍየል እንጂ ለባቡር የተፈጠረ አገር አይደለም» ብለው ትተውት ሄደው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቆላ የሚወጣው ጨው፣ ጋዝ፣ ጨርቅና ደብዳቤ፣ ከደጋ የሚወርደውም እህልና ቆዳ ሁሉ በአራት መቶ በቅሎዎች ጀርባ ይመላለስ ነበር፤ መንገዱም ሲወጡት ሦስት፣ ሲወርዱት ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር።

ዐዋጅ ነጋሪው ወረቀቱን በሁለት እጁ ዘርግቶ እንዲህ ሲል አነበበ። «ትልቁ ኩባንያ ያልደፈረውን የአውራጃው መንግሥት በራሱ እጅ ይሠራዋል። ወርዱ ከአንድ ሜትር ሦስት አራተኛው ብቻ በሆነ ጠባብ ሐዲድ፣ ከቆላው ጣቢያ እስከዚህ ገበያ ድረስ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ባቡር ይመጣል፤ በአምስት ሰዓት ጉዞ ቆላ ያደርሳል። ለዚህ ሥራ የሚመጡትን መሐንዲስና ሠራተኞች የሚያውክ ይቀጣል፤ የሚረዳም ይመሰገናል።»

በበቅሎ ጭነት ከሚተዳደሩት ጫኞች መካከል ቀልደኛው የተባለ አንድ ቀጭን ሰው ነበር፤ ወደ መሐል ወጣና እግሮቹን አንፈራጦ ቆመ። «ወርዷ ይህን ታህል ናት አላችሁ? ታዲያ ይህች ባቡር ናት ወይስ የባቡር ግልገል? እናቷን የት ጥለዋት ነው?»

ገበያው በሳቅ ተናጋ፤ የጫኞቹ ሳቅ ግን ቀድሞ ቆመ። የሣቁበት ነገር እንጀራቸውን ሊቆርጥባቸው እንደሚመጣ ሳይታወቃቸው አልቀረም።

ከሕዝቡ ኋላ የበቅሎዋን ልጓም በእጇ ላይ ጠቅልላ የቆመች አንዲት ሴት ከነጭራሹም አልሣቀችም። እድሜዋ ከአርባ አምስት የማይዘል፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ቁጥብ ነበር፤ አገሩም እትዬ ልጓም እያለ ይጠራት ነበር። ባሏ በሞተ ጊዜ «ሴት ልጅ አጋሰስ ነድታ አታድርም፤ በቅሎዎቹን ትሽጥ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ቢመጣላትም፣ እርሷ ግን በሳምንቱ ስድስቱን በቅሎዎች ጭና መንገድ ገባች። በዚያው ጉዞ አንዷ በቅሎ ከገደሉ አፋፍ ስትንሸራተት ልጓሟን ይዛ አልለቅም አለች፤ መዳፏ ተልጦ ደሙ እስኪንጠባጠብ ድረስ ጎትታ አወጣቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊመክራት የደፈረ የለም።

ዐዋጁን ስትሰማ ያላሣቃት ግን ሌላ ነገር ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት አንዲት ልጇ ምጥ ተይዛ ሁለት ቀን ሙሉ አልገላገል አለች፤ አዋላጂቱም «ይህ ከእኔ በላይ ነው፤ ቆላ ሐኪም ቤት አድርሷት» ብላ እጇን አነሣች። ስምንት ወንዶች ቃሬዛውን እየተፈራረቁ ተሸክመው ወረዱ፤ እናቲቱ ከፊት ከፊት እየሄደች ድንጋዩን በእግሯ ትጠርግ ነበር። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ የሐኪም ቤቱ ቆርቆሮ ጣራ ከሩቅ እያብረቀረቀ ሲታይ፣ ከቃሬዛው ይሰማ የነበረው ማቃሰት ጸጥ አለ። እትዬ ልጓም ስለዚያ ቀን ለማንም አውርታ አታውቅም፤ ነገር ግን ዐዋጅ ነጋሪው «በአምስት ሰዓት ጉዞ ቆላ ያደርሳል» ያለ ጊዜ ልጓሙን በእጇ ላይ አንድ ዙር ጨምራ ጠቅልላው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጫኞቹ ሁሉ በአለቃቸው ግቢ ተሰበሰቡ። የጫኞቹ አለቃ የእትዬ ልጓም ታላቅ ወንድም ነበር፤ አባታቸው ሲሞት እርሱ አሥራ ስምንት፣ እርሷ ስድስት ዓመቷ ነበርና አባትም ወንድምም ሆኖ ያሳደጋት እርሱ ነው። ባሏ በሞተ ጊዜም፣ ሌላው ሁሉ ምክር ሲያቀርብ፣ እርሱ አንድም ቃል ሳይናገር ከራሱ በቅሎዎች ሁለቱን አምጥቶ በደጇ አስሮላት ሄዷል። እርሷም እስከዚያ ቀን ድረስ ከወንድሟ ቃል ወጥታ አታውቅም ነበር።

«ባለ ሦስት እግሩ መጥቷል» አለ አለቃው። መሐንዲሱ የመለኪያ መነጽሩን የሚተክልበት ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ከእጁ ስለማይለይ ጫኞቹ ገና በሳምንቱ ስም አውጥተውለት ነበር። «ችካሎቹን የት የት እንደተከለ ያየ አለ?»

«እኔ አይቻለሁ» አለ ቀልደኛው። «በሂያጁ በኩል ነው። ልክ በሆዱ ላይ።»

በግቢው ውስጥ የነበሩት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ። ሂያጁ የሚባለው በመንገዱ አጋማሽ፣ በገደሎቹ መካከል ያለ አንድ ለምለም ተዳፋት ነበር፤ ዙሪያው ሁሉ ጥቁር አለት ሲሆን እርሱ ብቻ ለስላሳና ሣር የለበሰ ስለሆነ፣ ለማያውቅ ሰው ዓይን «በዚህ እለፉ» ብሎ የሚጋብዝ ይመስላል። የበቅሎው መንገድ ግን ከእርሱ ሸሽቶ፣ ማዶ ባለው የአለት ጎን ዞሮ፣ ግማሽ ቀን አባክኖ ነበር የሚያልፈው። ምክንያቱን የሚያውቁት ጫኞቹ ብቻ ነበሩ፤ ያ ተዳፋት ክረምት በመጣ ቁጥር በቀስታ፣ ሳይሰማ፣ ሳይታይ ቁልቁል ይሄዳል።

«እንግዲህ ልብ በሉ» አለ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማንም አልዋሸም፤ ማንም ክፉ አልሠራም። ጠየቁን? አልጠየቁንም። ያልተጠየቁትን መመለስ ደግሞ የሞኝ ሥራ ነው። ሐዲዱን ይዘርጉት። ሁለት ክረምት ሳይሞላው ተጠቅልሎ ወንዝ ይገባል፤ መንግሥትም ‹ይህ አገር ለባቡር አይሆንም› ብሎ ይተወናል። እኛም በቅሏችንን እንጭናለን።»

ብዙዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። እትዬ ልጓም ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ሰው ተሳፍሮበት ሳለ ቢሄድስ፣ ወንድም ጋሼ?»

አለቃው ዓይኑን ከእርሷ ላይ አነሣ። «እሱን ፈጣሪ ያውቃል» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም፤ እርሷም ዝም አለች። ዝምታም እሺታ ነው ብለው ሁሉም ወደየቤታቸው ተበተኑ።

በሳምንቱ የመሐንዲሱን ሣጥኖች ከቆላ ወደ ሥራው ሰፈር የማውጣት ተራ ለእትዬ ልጓም ደረሳት። መሐንዲሱ ጉንጩን ፀሐይ የላጠችው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል የሚሆነው፣ ለመጣለት ሰው ሁሉ ባርኔጣውን የሚያነሣ ጨዋ ሰው ነበር፤ በበቅሎዎቹ አጠገብ በእግሩ እየሄደ ስለ ጠባቡ ሐዲድ ያወራላት ጀመር።

«ሰዎች ጠባብ ነው ብለው ይሥቁበታል» አላት። «ግን ጥበቡ እዚያ ላይ ነው፣ እትዬ። ሰፊው ሐዲድ እንደ ትልቅ ሹም ነው፤ ለመዞር ሜዳ ይፈልጋል። ይህኛው ግን እንደ በቅሎ ነው፤ በጠባብ ቦታ ተጠማዝዞ ያልፋል።»

«እንደ በቅሎ ካለፈ ታዲያ ለምን በበቅሎ መንገድ አይሄድም?»

መሐንዲሱ ሣቀ። «ቀጥታ መንገድ እያለ ለምን ይዞራል?»

በዚያን ጊዜ ሂያጁ አጠገብ ደርሰው ነበር፤ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች በሣሩ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። እትዬ ልጓም የፊተኛዋን በቅሎ ልጓም ያዘች፤ ሁሉም ቆሙ። ሐሳቧ በመንገዱ ሁሉ ከወንድሟ ወደ ልጇ፣ ከልጇ ወደ ወንድሟ ሲመላለስ ነበር የዋለው። አፏን ከከፈተች የሚሆነውን ታውቃለች፤ ካልከፈተችም የሚሆነውን ታውቃለች። በመጨረሻ ወሰነች።

«ያ ግንብ ይታይዎታል?» አለች፤ በተዳፋቱ መካከል የፈረሰ የእርሻ ግንብ ነበር። «አያቴ ነው የሠራው። በገመድ ለክቶ ቀጥ አድርጎ ነበር የሠራው። አሁን እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወደ ቁልቁል ተነፍቷል።»

«ምናልባት ገመዳቸው የላላ ይሆናል።»

«የአያቴን ገመድ እንተወው። የእርስዎስ ገመድ ይላላል?»

መሐንዲሱ ወደ ግንቡ ዞሮ አየ።

«ከወዲህ አለት እስከ ወዲያ አለት ችካል በመነጽርዎ አስተካክለው ይትከሉ። ክረምቱ ይለፍበት። ከክረምት በኋላ በዚያው መነጽር ይዩት። እኔ ከዋሸሁ በቅሎዎቼን ይውረሱኝ።»

«ይህን ያህል ካወቃችሁ፣ እስከ ዛሬ ለምን ማንም አልነገረኝም?»

«አልጠየቁማ» አለች፤ ፊቷም ደም መሰለ።

መሐንዲሱ መንገዱን ቀጠለ። ኩራት ያልነካው ሰው አልነበረም፤ የመሥመሩን ሥዕል ሠርቶ በአውራጃው ምክር ቤት ፊት ያቀረበው፣ «አጭርና ቀላል» ብሎም የተጨበጨበለት እርሱ ራሱ ነበር። ነገር ግን በማግስቱ ማልዶ፣ ሠራተኞቹ እየተገረሙ ሲያዩት፣ ከአለት እስከ አለት አሥራ ሁለት የብረት ችካሎች በአንድ መሥመር አስተከለ፤ የሂያጁንም ቁፋሮ እስከ ክረምቱ ማለቂያ አቆየው።

ክረምቱ ገባ፤ ወንዙ ሞላ፤ የተራራው መንገድ ለሁለት ወር ተዘጋ። ሰማዩ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን መሐንዲሱ መነጽሩን በወዲሁ አለት ላይ ተክሎ ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ እንዳለም ብዙ ቆየ። የዳርና የዳሩ ችካሎች በቦታቸው ነበሩ፤ የመካከለኞቹ ግን እንደ ደጋን ቁልቁል ጎብጠው፣ አንዱ ከቀድሞ ቦታው አንድ ክንድ ሙሉ ወርዶ ነበር። መሐንዲሱ ቀና ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ፤ በዚያ አካባቢ ግን ሰላምታ የሚሰጠው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን እትዬ ልጓም በመሐንዲሱ ተጠርታ፣ በቆላው ከተማ ባለው የአውራጃ ገዥው ቢሮ ቆማ ነበር። ገዥው የድሮ ወታደር፣ ሽበቱ የገነነ፣ ደረቱ የሚያስለው ሽማግሌ ነበር፤ ጣራው ስለሚያፈስ በጠረጴዛው ጎን ባልዲ ተቀምጦ፣ ካለፈው ዝናብ የቀረው ውኃ አልፎ አልፎ ጠብ ይልበት ነበር። መሐንዲሱ ያየውን ሁሉ፣ ስሕተቱንም ጭምር፣ ሳይቀንስ ተናገረ።

«በአለቱ ጎን ካዞርነው ምን ያህል ይረዝማል?» አለ ገዥው።

«ዘጠኝ ኪሎ ሜትር፣ ክቡርነትዎ። አለቱም በድማሚት ይፈለጣል። አንድ ዓመት ይጨምራል።»

ገዥው ወደ ሴቲቱ ዞረ። «አንቺ ጫኝ ነሽ። ይህ ባቡር ቢመጣ ምን ትጠቀሚያለሽ?»

«እኔማ እጎዳለሁ እንጂ ምን እጠቀማለሁ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን ተናገርሽ?»

እትዬ ልጓም መሬት መሬት አየች። «ያ ተዳፋት በሄደ ቀን ባቡሩ ላይ የሚገኘው ማን እንደሆነ አላውቀውም። ምጥ የያዛት ትሁን፣ ሽማግሌ ይሁን፣ አላውቀውም። አውቄ ዝም ካልኩ ግን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ገዥው ንጹሕ ወረቀት ስቦ ወደ ፊቱ አቀረበ።

«ለምክር ቤቱ ሦስት ዓመት ብዬ ነበር» አለ። «አራት ይሆናል። ይሣቁብኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? አንቺስ የምትለምኚኝ ነገር አለሽ?»

«አንድ ነገር አለ። ጫኞቹን ሜዳ ላይ አይጣሉብኝ። ያንን አለት ከእነሱ በላይ የሚያውቀው የለም፤ የቱ ድንጋይ እንደሚይዝ፣ የቱ እንደሚከዳ፣ ውኃ በየት እንደሚመጣ። ሐዲዱን እነሱ ያንጥፉት፤ ሲነጠፍም እነሱ ይጠብቁት።»

ገዥው ብዕሩን አንሥቶ ጻፈ፤ ማኅተሙንም አተመበት።

ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ደጋ ደረሰ። ቤቷ ስትገባ ወንድሟ በግቢዋ ቆሞ አገኘችው፤ ባሏ በሞተ ጊዜ የሰጣትን ሁለቱን በቅሎዎች ፈትቶ ገመዳቸውን በእጁ ይዞ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ዝም ያልኩት እያሰብኩ ነው እንጂ እሺ ብዬ አልነበረም።»

«አራት መቶ በቅሎ፣ መቶ ሃያ ቤተሰብ» አለ፤ ድምፁ የተሰበረ እንጂ የተቆጣ አልነበረም። «እኔ ላንቺ ምን አጎደልኩብሽ? ለማያውቁን ሰዎች ሸጥሽን።»

«ለማያውቁን ሰዎች ነው፣ አዎ» አለች።

ሌላ ነገር አልተነጋገሩም። አንደኛዋ በቅሎ አልሄድም ብላ ስታስቸግረው ልጓሟን አስተካክላ የሰጠችው እትዬ ልጓም ራሷ ነበረች፤ እርሱ ከበሩ ከወጣ በኋላ ግን በቅሎዎቹ ታስረውባቸው በነበሩት ሁለት ችካሎች መካከል ቁጭ ብላ ብዙ አለቀሰች።

ሥራው በአለቱ ጎን ተጀመረ። ጫኞቹ መጀመሪያ «አንነካውም» ብለው ከሩቅ ቆመው ያዩ ነበር፤ ከዚያ ቀልደኛው «ግልገሏን ላሳድጋት ሄድኩ» ብሎ መዶሻ ያዘ፤ ከእርሱም ኋላ አንድ በአንድ መጡ። አለቃው ግን እስከ ሁለተኛው ዓመት ድረስ አልመጣም፤ የመጣውም አንድ ቀን የድማሚት ሠራተኞች የሚከዳ አለት ሥር ሲቆፍሩ ከሩቅ አይቶ እየጮኸ በመሮጥ አራት ሰዎች ካስወጣ በኋላ ነበር። አለቱ ከእነርሱ ኋላ ሲወርድ መሐንዲሱ ወደ እርሱ መጥቶ ባርኔጣውን አነሣና «ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ሳይፈቅዱ እዚህ ድንጋይ አይነካም» አለው። እንዲህ ሆኖ የጫኞቹ አለቃ የሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ሆነ።

እህቱ በቀሩት በቅሎዎቿ ውኃና ሐዲዱ የሚያርፍባቸውን አግዳሚ እንጨቶች ታመላልስ ነበርና በየቀኑ ይገናኙ ነበር፤ መነጋገር ግን አልነበረም። በአሥር እርምጃ ርቀት ቆመው ቀልደኛውን መልእክተኛ ያደርጉት ነበር።

«ለዚያች ሴት ንገራት፤ ያመጣችው እንጨት አጠረ በላት።»

«ለዚያ ሰው ንገረው፤ እንጨቱ አላጠረም፣ ያጠረው የእሱ ትዕግሥት ነው በለው።»

«ኧረ ጎበዝ!» ይላል ቀልደኛው እጁን እያወናጨፈ። «ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ፤ እኔ ደግሞ አንድ ምላስ ብቻ ነው ያለኝ፤ አድክማችሁ ልትጨርሱት ነው።»

በአራተኛው ዓመት፣ ከመከር በኋላ ባለው ብርዳም ጠዋት፣ ባቡሩ ደጋ ገባ። ትንሽ ነበር፤ ጢስ ማውጫው ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር ረዝሞ፣ ከኋላው አራት ፉርጎ እየጎተተ፣ በአለቱ ጎን ሰባት ጊዜ ተጠማዝዞ ሲወጣ ፉጨቱ ባቡሩ ራሱ ከመታየቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሰማ ነበር። ያ የድሮ ወታደር ገዥ በዚያው ዓመት በደረት ሕመም ሞቶ ስለነበረ ሪባኑን የቆረጠው አዲሱ ገዥ ነው፤ ንግግርም አደረገ፤ ስለ ዕድገትና ስለ አርቆ አስተዋይነት ተናገረ። እትዬ ልጓም ከሕዝቡ መካከል ቆማ አጨበጨበች።

ለእርሷ ባቡሩ የመጣው ግን በዚያ ቀን አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ የአንድ እንጨት ጠራቢ ሚስት ምጥ ተይዛ ጠዋት ወደ ጣቢያው በቃሬዛ መጣች፤ ያቺው አዋላጅ ከጎኗ ነበረች፤ ባቡሩም ሊነሣ ፉጨቱን ነፍቶ ነበር። የጣቢያው ሹም «ለበሽተኛ የተመደበ ፉርጎ የለንም፤ ደንቡም ስለዚህ አይናገርም» እያለ ወረቀቱን ሲገልጥ፣ እትዬ ልጓም በሐዲዱ ላይ፣ ከባቡሩ አፍንጫ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ደንቡን አንብበው ይጨርሱ፣ ጌታዬ» አለች። «እኔ እዚህ እጠብቅዎታለሁ።»

ሹሙ ወረቀቱን አጠፈ። ቃሬዛውን ወደ ዕቃ ፉርጎው አስገቡት። እትዬ ልጓም አብራ አልሄደችም፤ ቀኑን ሙሉ በጣቢያው ሣጥን ላይ ተቀምጣ ዋለች፤ «ሂጂ ቤትሽ» ያላትም አልነበረም። ከሰዓት በኋላ የቴሌግራፉ መሣሪያ ተንጣጣ፤ ሹሙም ወረቀቱን ይዞ ወጥቶ «እናትም ልጅም ደህና» ብሎ አነበበላት። እርሷ «ውኃ ስጡኝ» አለች፤ ሰጧት፤ ጠጣች፤ ሌላም ጨመሩላት።

ባቡሩ በተመላለሰ በሁለተኛው ክረምት፣ ዝናቡ ለዘጠኝ ቀን ሳያባራ ዘንቦ በአሥረኛው ቀን ማለዳ ሲያቆም፣ የሐዲድ ሠራተኞቹ አለቃ ሰዎቹን ይዞ በአለቱ ጎን ያለውን መሥመር እየፈተሸ ነበር። የጠዋቱ ባቡር መጣ፤ አለቃውም እንደ ልማዱ ወደ ጥግ ቆሞ አሳለፈው። በዚያን ጊዜ ከማዶ፣ ከሂያጁ በኩል፣ እንደ ብዙ ጋሪ ድምፅ ያለ ነገር ተሰማ። ተዳፋቱ እንዳለ፣ ከነሣሩ፣ ከነዛፉ፣ ከነአሮጌው ግንብ፣ እንደ ምንጣፍ ተጎትቶ ቁልቁል ሄደ፤ ወንዙም ለአንድ ሰዓት ያህል ታግዶ ቆመ። ነፍስ ያለው ነገር አልነበረበትም። ባቡር ነጂው ባቡሩን አቁሞ ወረደ፤ ተሳፋሪዎቹም በየመስኮቱ ተደርድረው ያዩ ጀመር።

አለቃው ግን ማዶውን ሳይሆን መስኮቶቹን ነበር የሚያየው።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ባቡር ወደ ደጋ ወጥቶ፣ ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ እንደተለጠፈበት በእህቱ ደጅ ቆመ። አምስት ዓመት ያህል በዚያ በር አልገባም ነበር። እርሷ ኮርቻ ትጠግን ነበር፤ መርፌውን እንደያዘች ቀና አለች።

«ሄደ» አላት።

«ማን?»

«ሂያጁ። ሄደ።»

መርፌውን አስቀመጠች። «ሰው?»

«ማንም የለ። ባቡሩ በእኛ በኩል ነበር፤ ቆሞ ነበር።» እንደ መቀመጥ ብሎ በበሩ መቃን ላይ ተደገፈ። «ቆጠርኳቸው። በየመስኮቱ ቆጠርኳቸው። አርባ ሦስት ናቸው። ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ የልጄ አማች ነው። ሌሎቹን አላውቃቸውም።»

እትዬ ልጓም ኮርቻውን ከጉልበቷ አወረደች።

«እኔ ያን ቀን ‹እሱን ፈጣሪ ያውቃል› ነበር ያልኩሽ» አለ። «አንቺም አውቀሽ ነበር።»

«ና ግባ፤ ጭቃውን አራግፍና ግባ» አለች። ከገባ በኋላ ውኃ አቀረበችለት። ጠጥቶ ሲጨርስ እርሷ «በቅሎዎቼስ?» አለችው።

«አንደኛዋ ሞታለች።»

«ያቺ ሰነፏ?»

«ያቺው ሰነፏ።»

«እንኳንም ወሰድክልኝ» አለች፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ።

የአውራጃው መንግሥት ጠባብ ሐዲድ ሠላሳ ስምንት ዓመት አገለገለ። ትምህርት ቤቱ የተሠራበትን ቆርቆሮ፣ ክትባቱን፣ ወታደሩን፣ ሙሽራውን፣ አስከሬኑን አመላልሷል፤ የጫኞቹም ልጆች ባቡር ነጂና የጣቢያ ሹም ሆነዋል። በኋላ የጭነት መኪና መንገድ ተሠራ፤ ሐዲዱም ተነቅሎ ብረቱ ለሌላ ሥራ ዋለ። እትዬ ልጓም ያን አላየችም፤ ከወንድሟ አንድ ዓመት ዘግይታ፣ በአልጋዋ ላይ፣ በሰማንያ ሁለት ዓመቷ አርፋለች።

ስለዚያና ስለ ሌሎች ባቡር መንገዶች የተጻፈ የመንግሥት መጽሐፍ አለ። መሐንዲሱ በዘገባው ስለ አንዲት ሴት ጫኝ አንድ ገጽ ተኩል ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፉን ያሰናዳው ጸሐፊ የአንዲት አጋሰስ ነጂ ወሬ ለመንግሥት መዝገብ አይመጥንም ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ «በሁለተኛው ዓመት፣ በአገሬው ሰዎች ጥቆማ፣ የመሥመሩ አቅጣጫ ጥቂት ተለወጠ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አጠቃለለው። በዚያው መጽሐፍ በሌላ አውራጃ ናዳ ስለወሰደው ባቡር ሙሉ ምዕራፍ ይገኛል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሟቾቹ ዝርዝር፣ የተነበበው የሐዘን መግለጫ ሁሉ አለበት። ታሪክ የሰማውን ይጽፋል፤ የወደቀ ነገር ድምፅ አለውና ይሰማል።

ሂያጁ ስለሄደበት ቀን ግን የተረፈው የደጋው ጣቢያ የዕለት መዝገብ ብቻ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቢሆንም ይነበባል። «የጠዋቱ ባቡር ሩብ ሰዓት ዘገየ። ምክንያት፦ ነጂው ማዶ ለማየት ቆመ። ተሳፋሪዎች፦ አርባ ሦስት። ስለ መዘግየቱ ቅሬታ አሰምተዋል።»